ከሚስር ማሳ እስከ መዲና ደጃፍ፦ የጃር ወደብ እህል እና የርክክብ ሕግ

በመድረሳዎቻችን ኪታቡል በይዕ ሲቀራ ተማሪው «የገዙትን እህል ሳይረከቡ መሸጥ አይፈቀድም» የሚለውን ድንጋጌ ከነማስረጃው ይይዛል። ድንጋጌው በመርከቦች፣ በመጋዘኖችና በወረቀቶች መካከል እንዴት እንደ ተፈተነ ግን እምብዛም አይነገረውም። በታሪክ ትምህርት ደግሞ «ኸሊጅ አሚረል ሙእሚኒን» የተሰኘው የሚስር ቦይ የዑመር (ረ.ዐ.) ታላቅ ሥራ ተብሎ ይወሳል፤ በቦዩ የመጣው እህል ከተመጋቢው እጅ እስኪደርስ ምን እንደ ገጠመው ግን አይነሣም። እነዚህ ሁለት ትምህርቶች የአንድ ታሪክ ሁለት ክፍሎች ናቸው። ዛሬ «የአቅርቦት ሰንሰለት» የምንለው ጉዳይ በእስልምና ታሪክ ውስጥ ምን መልክ እንደ ነበረው የሚታየውም አንድ ላይ ሲነበቡ ነው።

በ18ኛው ዓመተ ሂጅራ (639 እ.ኤ.አ. ገደማ) ሒጃዝን ጽኑ ድርቅ መታው። ምድሪቱ አመድ ስለ መሰለች ዓመቱ «ዓሙ ረማዳ» ተባለ። ከበረሃ የተፈናቀለው ሕዝብ መዲና ዙሪያ ሰፈረ። ኸሊፋው ዑመር ኢብኑል ኸጣብ ሕዝቡ እስኪጠግብ ድረስ ቅቤና ወተት ትተው፣ ዘይት ከመብላት የተነሣ የፊታቸው መልክ እስከ መለወጥ መድረሱን የታሪክ ጸሐፍት ያወሳሉ። ወዲያውም ለየአገሩ ሹማምንት ጽፈው ርዳታ ጠየቁ። ጦበሪ እንደ ዘገቡት ቀድመው የደረሱት አቡ ዑበይዳ ኢብኑል ጀራሕ ሲሆኑ፣ 4,000 ግመል ጭነት እህል አምጥተዋል። ኸሊፋውም ማከፋፈሉን ለእርሳቸው ሰጡ። ሥራው ሲያልቅ 4,000 ዲርሃም ቢቀርብላቸው ለአላህ ብለው እንደ ሠሩ ገልጸው እምቢ አሉ፤ ዑመር ግን ረሱል (ሰ.ዐ.ወ.) ለእርሳቸውም እንዲሁ ሰጥተዋቸው እንደ ነበር ነግረው አስቀበሏቸው። የአጓጓዥና የአከፋፋይ ድካም ዋጋ ያለው መሆኑ ከዚህ ይታወቃል።

እዚህ ላይ መምህራን ሊያስተውሉት የሚገባ የዘመን ጉዳይ አለ። አንዳንድ ዘገባዎች የሚስር እህል በዚያው በረማዳ ዓመት በቦይ እንደ መጣ አድርገው ያቀርባሉ። ይሁን እንጂ ዐምር ኢብኑል ዓስ ጦራቸውን ይዘው ሚስር የገቡት በ18ኛው ዓመት መገባደጃ ላይ ሲሆን፣ የባብሊዮን ምሽግ የተያዘውም በ20ኛው ዓመት ነው። ስለዚህ ረሃቡን በቀጥታ ያስታገሠው በየብስ የመጣው የግመል ጭነት ነው ማለት ይቀናል። ቦዩ የመጣው ከረሃቡ በኋላ ነው፤ ዳግመኛ እንዳይደርስ የተሰናዳ መከላከያ ነበርና። ይህ የዑመርን ሥራ አያሳንሰውም። እንዲያውም ችግሩ ካለፈ በኋላም ለሚመጣው ማሰባቸውን ያሳያል።

ቦዩ ፈጽሞ አዲስ አልነበረም። ከፈርዖኖች ዘመን ጀምሮ በፋርሶች፣ በበጥሊሞሶችና በሮማውያን እጅ እየተቆፈረ በደለል ይደፈን የነበረው መስመር ነው። ዐምር በኸሊፋው ትእዛዝ ከፉስጣጥ አጠገብ ጀምረው፣ ዛሬ የሱዊስ ከተማ ካለችበት አቅራቢያ እስከ ነበረው የቁልዙም ወደብ ድረስ አስጠረጉት። እህሉ ከአባይ ሸለቆ ማሳ በጀልባ ወደ ቁልዙም፣ ከዚያም በቀይ ባሕር ወደ መዲና ወደብ ወደ ጃር፣ ከጃር ደግሞ በግመል ወደ ከተማዪቱ ይጓዝ ጀመር። ጃር ለእኛም ባዕድ ስም አይደለም። ያቁት አል-ሐመዊ ከሐበሻ ምድር የሚመጡ መርከቦች መልሕቅ የሚጥሉባት ወደብ መሆኗን ጽፈዋል፤ ኢብኑ ሰዕድም ከነጃሺ አገር የተመለሱት ሙሃጂሮች ያረፉበትን ጠረፍ ጃር ብለው ይጠሩታል።

ያዕቁቢ እንደሚተርኩት መጀመሪያ 20 መርከቦች እያንዳንዳቸው 3,000 እርደብ ያህል እህል ይዘው ደረሱ። ዑመር እህሉ በጃር መጋዘን እንዲከማች አደረጉ። ቀጥለው ዘይድ ኢብኑ ሣቢትን (ረ.ዐ.) ሕዝቡን በየደረጃው መዝግበው፣ ለእያንዳንዱ ድርሻውን የሚገልጽ ግርጌው የታተመ ወረቀት እንዲጽፉ አዘዟቸው። ይህ ወረቀት «ሰክ»፣ ሲበዛ «ሱኩክ» ይባላል። ባለ ሰክ ወረቀቱን ይዞ እህሉን ይረከባል።

አሠራሩ የተሟላ ይመስላል። ነገር ግን እህሉ በመጋዘን ተኝቶ ሳለ ወረቀቱ መሄድ ቻለ፤ ወረቀት ደግሞ ከግመል ይፈጥናል። በሙወጧእ እንደ ተዘገበው ገና በዑመር ዘመን ሐኪም ኢብኑ ሒዛም ለሕዝቡ ከታዘዘው እህል ገዝተው ሳይረከቡ ሸጡ፤ ዑመር ይህን ሲሰሙ ሽያጩን አፈረሱ። በኋላም መርዋን ኢብኑል ሐከም መዲናን ሲያስተዳድሩ የጃር እህል ሱኩክ ወጣ፤ ሰዎችም እህሉን ሳያዩት ወረቀቱን ከእጅ ወደ እጅ ይሸጡት ጀመር። በዚህ ጊዜ ዘይድ ኢብኑ ሣቢት ከሌላ ሶሓባ ጋር ወደ መርዋን ገብተው ሪባን ሐላል ታደርጋለህን ሲሉ ሞገቱት። በሶሒሕ ሙስሊም ተመሳሳይ ሙግት ከአቡ ሁረይራ (ረ.ዐ.) ተዘግቧል። መርዋንም ወታደሮች ልኮ ወረቀቶቹን ከሰዎች እጅ አስሰበሰበ። ተቃውሞውን ካነሡት አንዱ የመጀመሪያውን ሰክ በእጃቸው የጻፉት ዘይድ መሆናቸው ልብ ሊባል ይገባል። ወረቀቱ ለምን እንደ ተፈጠረ የሚያውቅ ሰው ከዓላማው ሲወጣም ቀድሞ ያያል።

ነገሩ ከሪባ ጋር የተያያዘበትን ምክንያት ኢብኑ ዐባስ ሲጠየቁ አብራርተዋል፦ እህሉ በስፍራው እንዳለ የሚለዋወጠው ዲርሃም በዲርሃም ነው። ከወረቀቱ ሽያጭ የሚገኘው ትርፍ እህሉን ወደ ተራበው ሰው አንዲት እርምጃ አያቀርበውም፤ ዋጋውን ብቻ ይጨምርበታል። የፊቅህ ሊቃውንት በድንጋጌው ስፋት ተለያይተዋል። ሻፊዒይ በማናቸውም ዕቃ፣ አቡ ሐኒፋ ከማይንቀሳቀስ ንብረት በቀር፣ ማሊክ ደግሞ በምግብ ላይ አጽንተውታል። ነወዊም ድርሻው የተሰጠው የመጀመሪያው ባለ ሰክ እንዲሸጥ የሚፈቅደው አቋም ትክክለኛው መሆኑን፣ ክልከላው ከእርሱ ገዝቶ ሳይረከብ በሚሸጠው ላይ መሆኑን ገልጸዋል። ድኻው የራሱን ድርሻ ለመሸጥ አልተከለከለም ማለት ነው።

የቦዩ ፍጻሜም ትምህርት አለው። በ145 ዓ.ሂ. ሙሐመድ ኢብኑ ዐብደላህ መዲና ላይ ሲነሡ ኸሊፋ መንሱር እህል እንዳይደርሳቸው ቦዩን አስደፈኑት። ሕዝብ ለማዳን የተቆፈረ መስመር ሕዝብ ለማስራብ ተዘጋ።

ዛሬ ኢማሞቻችን ከነጋዴዎች የሚቀርብላቸው ጥያቄ ይኸው ነው፦ ገና በመርከብ ላይ ያለ፣ ወይም ሻጩ ራሱ ያልገዛው ዕቃ በስልክ ይሸጣል። በ2000 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የኢትዮጵያ ምርት ገበያም በመጋዘን ደረሰኝ ያገበያያል። ሁሉን በአንድ ፍርድ መጠቅለል አይገባም። በ1990 እ.ኤ.አ. ጅዳ የተሰበሰበው የዓለም አቀፉ ፊቅህ ጉባኤ ርክክብ በእጅ ብቻ ሳይሆን፣ ዕቃውን ለገዢው በመልቀቅና በይዞታው ሥር በማድረግም እንደሚፈጸም ወስኗል። ስለዚህ ጠያቂውን መልሰን እንጠይቀው፦ ዕቃው ተለይቶ ታውቋልን? አሁን የት ነው? ዛሬ ሌሊት ቢቃጠል ኪሳራው የማን ነው? ኪሳራው የእርሱ ካልሆነ ትርፉም የእርሱ አይደለም፤ ረሱል (ሰ.ዐ.ወ.) ኃላፊነቱ ካልተወሰደበት ዕቃ ማትረፍን ከልክለዋልና።