ዜና ስፔንሰር ዘአምብሬላ

እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ማርች 22 ቀን 1996 በጃፓን አገር፣ መቀመጫውን በኦሳካ ከተማ ያደረገው ካፕኮም የተባለ ኩባንያ «ባዮሃዛርድ» የተሰኘ የቪዲዮ ጌም ለፕሌይስቴሽን አወጣ። የሥራው መሪ ሺንጂ ሚካሚ ነበረ። ጌሙ ወደ አሜሪካና ወደ አውሮፓ ሲሻገር «ሬዚደንት ኢቪል» ተባለ፤ ከዚያ ወዲህ ተከታታዩ እየበዛ ሄዶ የተሸጠው ቅጂ ከ100 ሚሊዮን አለፈ። ተጫዋቾች በየክፍሉ ከመቃብር የተነሡ የሚመስሉ ሬሳዎችን፣ ቆዳቸው የተገፈፈ ውሾችን፣ ሰው ሠራሽ ጭራቆችን ተኩሰው ጣሉ። የእነዚህ ሁሉ ፍጥረታት ጌታ ግን ለብዙ ዓመታት ስሙ ብቻ ይነበብ ነበር እንጂ ፊት ለፊት አልወጣም።

ስሙ ኦዝዌል ስፔንሰር ነው። ትውልዱ ከእንግሊዝ መኳንንት ወገን፣ ሀብቱ ብዙ፣ ምኞቱም ከሀብቱ የበለጠ ነበረ። የሰውን ዘር በራሱ ፈቃድ አድሶ፣ በአዲሱ ዘር ላይ እንደ አምላክ ሊነግሥ አሰበ። በዚህ ዜና እንደሚታየው ይህ ሰው ጎራዴ አልመዘዘም፣ ቃታም አልሳበም። የሚገድለው በፊርማ፣ በደመወዝና በውል ነበር። ከጌም ክፉ ገጸ ባሕርያት ሁሉ ለይቶ የሚያስፈራውም ይኸው ነው፤ በጥይት ሊመታ የማይችል፣ በመዝገብ ውስጥ የሚኖር ክፋት ነውና።

የነገሩ መነሻ በአፍሪካ ምድር ነው። በ1960ዎቹ ስፔንሰር ሄንሪ ትራቪስ የተባለ ተጓዥ ስለ አፍሪካ የጻፈውን ሰፊ መጽሐፍ አገኘ። በዚያም መጽሐፍ በምዕራብ አፍሪካ ንዲፓያ ስለሚባሉ ሕዝቦችና «የፀሐይ ደረጃ» ስለተባለ አበባቸው ተጽፎ ነበር። አበባው ከምድር በታች ባለ ጥንታዊ ከተማቸው ይበቅላል። የቀመሰው ብዙው ይሞታል፤ ከሞት የተረፈ ግን ታላቅ ኃይል ያገኛል፣ ንጉሥም ይሆናል። ሌሎች እንደ ተረት ያለፉትን ስፔንሰር እንደ ካርታ ያዘው። በ1966 ዲሴምበር ወር ወዳጁ ጄምስ ማርከስ ብራንደን ቤይሊ ከተባለው ደቀ መዝሙሩ ጋር በአበባው ውስጥ የተሸሸገውን ቫይረስ አገኘና «ፕሮጄኒተር» ተባለ። አበባውን ወደ ሌላ አገር ወስደው ቢተክሉት ቫይረሱን አልሰጥ አለ። ስለዚህ ስፔንሰር አበባውን ከነምድሩ ወሰደ። ንዲፓያዎች በመሣሪያ ኃይል ከቅዱስ ስፍራቸው ተባረሩ፤ በአያቶቻቸው ከተማ ላይ ቤተ ሙከራ ተሠራ፣ ቤይሊም አለቃ ሆኖ ተሾመበት።

በዚያው ዘመን በአሜሪካ፣ በአርክሌይ ተራሮች፣ ሌላ ሥራ ይሠራ ነበር። ጆርጅ ትሬቨር የተባለ የኒውዮርክ አርክቴክት ለስፔንሰር አንድ ታላቅ ቤት በ1962 ጀምሮ በ1967 ፈጸመ። የተሰወሩ በሮች፣ በሐውልትና በጌጥ ድንጋይ የሚከፈቱ ቁልፎች፣ ወደ ምድር ቤት የሚወርዱ ስውር መንገዶች ነበሩበት። የቤቱን ምሥጢር ጠንቅቀው የሚያውቁ ሁለት ሰዎች ብቻ ነበሩ፣ ያሠራውና የሠራው። ስፔንሰርም አንዱ ብቻ እንዲቀር ፈረደ።

በ1967 ኖቬምበር ትሬቨር ከሚስቱ ከጄሲካና ከ14 ዓመት ልጁ ከሊሳ ጋር በእንግድነት ተጠራ። እናትና ልጅ ተይዘው ቫይረሱን ተወጉ፤ እናቲቱ ሞተች። ትሬቨር በገዛ እጁ በሠራው ቤት ውስጥ መውጫ አጥቶ ሲንከራተት ሞተ። ሊሳ ግን አልሞተችም። 30 ዓመት ለሚሞላ ጊዜ የተመራማሪዎች መሞከሪያ ሆና፣ መልኳ ጠፍቶ፣ በሰንሰለት ታስራ እናቷን ስትፈልግ ኖረች። ሚካሚ የመጀመሪያውን ጌም በ2002 እንደገና ሲሠራ ይህችን ልጅ በቤቱ ዙሪያ የሚንጓጓ ሰንሰለት አስይዞ አስገባት። ተጫዋቹ መጀመሪያ ጭራቅ መስላው ይሸሻታል፤ የአባቷን ማስታወሻ ካነበበ በኋላ ግን የሸሸው የተበደለች ልጅ እንደሆነች ያውቃል።

በ1968 ስፔንሰር፣ ማርከስና ሦስተኛው ባልንጀራቸው ኤድዋርድ አሽፎርድ አምብሬላ የተባለውን ኩባንያ መሠረቱ። ዓርማው ቀይና ነጭ ጃንጥላ፣ የአደባባይ ሥራው መድኃኒት፣ የስውር ሥራው ደግሞ የጦር ቫይረስ ነበረ። አሽፎርድ በዚያው ዓመት በቫይረሱ ተለክፎ ሞተ። ከሦስቱ ሁለት ቀሩ።

ማርከስ በአርክሌይ የኩባንያው ማሠልጠኛ ኃላፊ ሆነ። በዚያም የአፍሪካውን ቫይረስ ከአልቅት ጋር አዋሕዶ በ1978 «ቲ ቫይረስ» የተባለውን አወጣ። አልበርት ዌስከርና ዊልያም በርኪን የሚባሉ ሁለት ወጣት ደቀ መዛሙርት ነበሩት፤ ከሰው ሁሉ የሚያምናቸው እነርሱን ነበር። ስፔንሰር ማሠልጠኛውን ዘግቶ ሁለቱን ትሬቨር በሠራው ቤት ወዳለው ቤተ ሙከራ አዛወራቸው፣ ሥልጣንና ገንዘብም ሰጣቸው። በ1988 በስፔንሰር ትእዛዝ የታጠቁ ሰዎች ማርከስን በሥራ ክፍሉ ተኩሰው ሲገድሉት ዌስከርና በርኪን ከአጠገቡ ቆመው ነበር፤ የምርምሩንም ፍሬ ወረሱ። እንግዲህ ከሦስቱ መሥራቾች አንዱ ብቻ ቀረ።

ከተራራው ሥር ያለችው ራኩን የተባለች ከተማ 100 ሺህ ያህል ሰው ይኖርባት ነበር። የከተማዋ እድገት ከአምብሬላ ገንዘብ ጋር የተሳሰረ ነበረ። የፖሊስ አዛዡ ብራያን አይረንስ መማለጃ እየተቀበለ አቤቱታ ያፍን፣ ምርመራ ያዘጋ ነበር። ይህም በ1998 በወጣው በሂዴኪ ካሚያ በተመራው ሁለተኛው ክፍል ይታያል፤ ተጫዋቹ በፖሊስ ጣቢያው ሲዘዋወር ለአዛዡ ገንዘብ እንደገባለት የሚገልጸውን ደብዳቤ ራሱ ያነብበዋል።

በዚህ ተከታታይ የታሪኩ ትልቁ ክፍል የሚተላለፈው እንዲህ ባለ ወረቀት ነው። ጥይት እየቆጠረ፣ በር እየከፈተ የሚሄደው ተጫዋች በየጠረጴዛው ማስታወሻ፣ የሠራተኛ ትእዛዝና የሙከራ ውጤት ያገኛል። በመጀመሪያው ጌም እንስሳቱን የሚጠብቅ ሠራተኛ የጻፈው የቀን መዝገብ አለ። ስለ ካርታ ጨዋታና ስለ ውሾቹ ምግብ ይጀምራል፣ ስለ ማሳከክ ይቀጥላል፣ በመጨረሻም ጸሐፊው ሰውነቱን ሲያጣ ቃላቱም ይበታተናሉ። ያ ሠራተኛ በሌሊት መከላከያ ልብስ እንዲለብስ ታዘዘ እንጂ ምን እንደደረሰበት የነገረው አለቃ አልነበረም። ስፔንሰር እዚያ የለም። ሥርዓቱ ግን እያንዳንዱ ሰው የራሱን ቁራጭ ብቻ እንዲያውቅ አድርጎ የተሠራ በመሆኑ የጌታው እጅ በሁሉም ገጽ ላይ አለ።

ወደ ዜናው እንመለስ። በ1998 የበቀል ጊዜ ደረሰ። የማርከስን ሬሳ የወረሰችው የአልቅት ንግሥት መልኩንና ትዝታውን ይዛ ተነሣች፤ በእርሷም ምክንያት ቫይረሱ ትሬቨር በሠራው ቤት ባለው ቤተ ሙከራ ተለቀቀ። በጁላይ ወር ስታርስ የተባለው የከተማው ፖሊስ ልዩ ጓድ ወደ ተራራው ወጣ። የጓዱ አዛዥ ዌስከር ነበረ፤ ሰዎቹን ወደ ቤቱ ያስገባቸውም ከጭራቆቹ ጋር ሲዋጉ የሚገኘውን መረጃ ለመሰብሰብ ነው። ባሪ በርተን የተባለውን ባልደረባቸውን በሚስቱና በልጆቹ ሕይወት አስፈራርቶ አሳልፎ ሰጪ አደረገው። የጓዱ አባላት ክሪስ ሬድፊልድና ጂል ቫለንታይን ግን ከቤቱ በሕይወት ወጥተው እውነቱን ለከተማው ተናገሩ። የሰማቸው አልነበረም።

በሴፕቴምበር የአምብሬላ ወታደሮች በርኪን የፈለሰፈውን «ጂ ቫይረስ» ሊነጥቁት መጡ። ተኩሰው ጣሉት፤ እርሱም ሊሞት ሲል ቫይረሱን ለራሱ ወጋና ጭራቅ ሆኖ ተነሣባቸው። በተሰባበሩት ብልቃጦች ውስጥ የነበረውን ቲ ቫይረስ አይጦች በፍሳሽ ቦይ ወደ ከተማው አወጡት። በጥቂት ቀናት ራኩን በሙታን ተሞላች። ኦክቶበር 1 ቀን ጎሕ ሲቀድ የአሜሪካ መንግሥት ከተማዋን በሚሳይል ደመሰሳት።

ከዚህ በኋላ አምብሬላ ወደ ፍርድ ቤት ተጎተተ። መንግሥት ሥራውን አገደው፤ በ2005 የወጣው አራተኛው ክፍልም ገና በመክፈቻው የአክሲዮኑ ዋጋ መውደቁን ይናገራል። ስፔንሰር በጠበቆቹ ጀርባ ቆሞ ዓመታት ገፋ። በፌብሩዋሪ 2003 ክሪስና ጂል በሩሲያ የነበረውን የመጨረሻ ምሽግ ወረሩ። ዌስከርም በዚያው ሰዓት የኩባንያውን ምሥጢራዊ መዝገብ ዘርፎ ነበር፤ በእርሱ እጅ የወጣው ማስረጃ ፍርዱን በአምብሬላ ላይ አጸናው። በወረቀት የኖረው መንግሥት በወረቀት ፈረሰ።

ስፔንሰር ወደ አውሮፓ ርስቱ ተሸሸገ። አርጅቶ፣ በደዌ ተይዞ፣ ሲፈልገው የኖረውን ዘለዓለማዊ ሕይወት ሳያገኝ ቀረ። በ2006 ዌስከር በማዕበል ሌሊት ወደ እርሱ ገባ። ሽማግሌውም የመጨረሻውን ምሥጢር ነገረው። ስፔንሰር ብሩህ አእምሮ ያላቸውን ሕፃናት ሰብስቦ፣ ሁሉንም ዌስከር ብሎ ሰይሞ፣ ሳያውቁት በእርሱ እቅድ እንዲያድጉ አድርጓቸው ነበር፤ አልበርትም ከእነርሱ አንዱ ነው። ስሙ፣ ትምህርቱ፣ ክህደቱ ሳይቀር በሌላ ሰው መዝገብ አስቀድሞ የተጻፈ እንደነበረ የሰማው ሰው በቁጣ እጁን በሽማግሌው ደረት ውስጥ ሰደደ። ስፔንሰር በዚያች ሌሊት ሞተ፤ ሕልሙን ግን ገዳዩ ወረሰው።

ከሞተ በኋላም ወረቀቱ አላለቀም። በ2021 በወጣው «ቪሌጅ» ውስጥ በወጣትነቱ በተራራ ላይ ጠፍቶ ሚራንዳ የተባለች ሴት እንዳተረፈችው፣ መምህሩም እንደሆነች የሚናገር የራሱ ደብዳቤ ተገኘ። የአምብሬላ ዓርማም ከዚያው መንደር ዋሻ ምልክት የተወሰደ ነበረ።

የአፍሪካው ዕዳ የተገለጠው በ2009 በወጣው አምስተኛው ክፍል ነው። ጌሙ ገና በ2007 ማስተዋወቂያው ሲታይ አንድ ነጭ ወታደር ጥቁር አፍሪካውያንን የሚተኩስበት መሆኑ ብርቱ ተቃውሞ አስነሣ፤ ተቃውሞውም ተገቢ ነበረ። የንዲፓያን መዘረፍ ጌሙ በሚነበበው ሰነድ ውስጥ ይመሰክራል፤ በሚታየው ሜዳ ላይ ግን እነዚያኑ የተዘረፉ ሕዝቦች በጥገኛ ተውሳክ ያበዱ፣ ጦር ወርዋሪዎች አድርጎ ያቀርባቸዋል። ተበዳዩ በወረቀት ላይ እውነቱን አገኘ፣ በአደባባይ ግን ፊቱን ተነፈገ። ሠሪዎቹ ስፔንሰርን የከሰሱበትን ሰነድ እስከ መጨረሻው ቢከተሉት ኖሮ ንዲፓያዎች የሚናገሩበት ጌም ይሠሩ ነበር።

በዚያው ጌም ግን ሺቫ አሎማር አለች። አፍሪካዊት ናት፤ ወላጆቿ በአምብሬላ ፋብሪካ ይሠሩ ነበር፣ በዚያም አለቁ። አድጋ የባዮ ጦር መሣሪያን የሚዋጋው የቢኤስኤኤ ድርጅት የምዕራብ አፍሪካ ወኪል ሆነች፤ ከክሪስም ጋር የአበባውን ዋሻ አልፋ ዌስከርን እስከ እሳተ ገሞራው አፍ ተከተለችው። ቀልጦ በሚፈላው ዓለት ውስጥ የቆመው ዌስከር ሄሊኮፕተሩን ይዞ ሊጎትታቸው ሲል ሁለቱ ሮኬት አነሡ፤ አንዱን ክሪስ፣ ሌላውን ሺቫ ተኮሰች። የስፔንሰርም ወራሽ በዚያ ተደመሰሰ።