ስደተኛው ከተማውን እንዴት መረጠ

ሰው በአባቱ ርስት ሲቀመጥ የሚኖርበትን ከተማ ለመምረጥ እምብዛም አይገደድም፤ አብዛኛው በተወለደበት ያድጋል፥ ባደገበትም ይቀበራል። ከአገሩ የወጣ ሰው ግን ይህ ምርጫ ሳይፈልገው በእጁ ይወድቃል። አብርሃምና ሎጥ በተለያዩ ጊዜ ሎጥ የለመለመውን ሜዳ አይቶ መረጠ፤ በዚያ ሜዳ እነማን እንደሚኖሩ ግን አልመረመረም። ወደ አሜሪካ የተሰደዱት ኢትዮጵያውያን ነገር የዚህ ተቃራኒ ነው፤ አብዛኞቹ ሜዳውን ሳያዩ አስቀድመው ጎረቤቱን ጠየቁ። ዋሺንግተን ከሌሎቹ ከተሞች ሁሉ ይልቅ የሐበሻ መሰብሰቢያ የሆነችበት ታሪክ ከዚህ ይጀምራል። (በዚህ ጽሑፍ የሚነገረው ዓመት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ነው።)

በመጀመሪያው ዘመን ከተማን የሚመርጥ ትምህርት ቤት ነበረ። ሐኪም መላኩ በያን በኦሃዮ ግዛት ከተማሩ በኋላ የሕክምናን ትምህርት በዋሺንግተን በሐዋርድ ዩኒቨርሲቲ ፈጸሙ። ይህም ዩኒቨርሲቲ የጥቁር ሕዝብ ልጆች የሚማሩበት ስለ ሆነ፥ ከኢትዮጵያ የሚመጣ ተማሪ በቆዳው ምክንያት በር ሳይዘጋበት የሚገባበት ቤት ነበረ። ጠላት አገራችንን ከወረረ በኋላ ግን ሐኪም መላኩ ዋሺንግተንን ሳይሆን ኒውዮርክን መረጡ፤ ለኢትዮጵያ የሚያለቅሰውና ገንዘቡን የሚያዋጣው ሕዝብ በሃርለም ይኖር ነበርና። በ1937 ዓመት የኢትዮጵያን የዓለም ፌዴሬሽን በዚያ አቋቋሙ፤ በ1940 ዓመት ነጻነትን ሳያዩ ዐረፉ። ከተማን ለኑሮ ሳይሆን ለአገር ሥራ የመረጠ ሰው እንደ እርሳቸው ጥቂት ነው።

አገር ነጻ ከወጣች በኋላ በ1943 ዓመት የኢትዮጵያ ሌጋሲዮን በዋሺንግተን ተከፈተ። ከዚያ ወዲህ የሚመጣው ተማሪ ሁሉ ፓስፖርቱን ለማሳደስም ሆነ የአገሩን ወሬ ለመስማት ወደዚያች ከተማ ይመላለስ ጀመር። ነገር ግን በዚያ ወራት ተሰድዶ ለመቅረት ያሰበ ሰው ብዙ አልነበረም። ትምህርቱን የጨረሰ ሁሉ ሹመትና ሥራ በአገሩ ይጠብቀው ስለ ነበረ ይመለስ ነበር። በ1974 ዓመት የንጉሡ መንግሥት ወድቆ ደርግ ሥልጣኑን ያዘ፤ በ1977ና በ1978 ቀይ ሽብር የወጣቱን ደም አፈሰሰ። ያን ጊዜ በዋሺንግተን የነበረው ተማሪ ሻንጣውን እንደ ጠቀለለ ቀረ። መርጦ አልተቀመጠም፤ መመለሻው ተቆረጠበት እንጂ። በኋላ ለመጣው ብዙ ሕዝብ በር ከፋች የሆነው ይህ በድንገት የቀረ ተማሪ ነው።

በእግሩ ወደ ሱዳን የተሻገረው ግን ሌላ ዕጣ ነበረው። እስከ 1980 ዓመት ድረስ የአሜሪካ ሕግ በስደተኛ ስም የሚቀበለው በተለይ ከኮሚኒስት አገሮችና ከመካከለኛው ምሥራቅ የሸሸውን ነበረ፤ አፍሪቃዊው በዚያ ሕግ ውስጥ ቦታ አልነበረውም ማለት ይቻላል። መጋቢት 17 ቀን 1980 ዓመት ፕሬዚዳንት ካርተር በፈረሙት የስደተኞች ሕግ ይህ ተለወጠ። በካርቱምና በገዳሪፍ ተቀምጦ ወረፋውን የሚጠብቀው ሰው፥ በአሜሪካ ዘመድ ካለው ወደ ዘመዱ ከተማ ይላካል፤ ዘመድ ከሌለው ግን የስደተኞች ረዳት ማኅበሮች፥ ከእነርሱም ብዙዎቹ የአብያተ ክርስቲያናት ማኅበሮች፥ እርስ በርሳቸው ተማክረው ቦታ ይመድቡለታል። እንግዲህ የጎንደር ልጅ ሥዕሉን እንኳ አይቶት ወደማያውቀው ትንሽ ከተማ፥ በረዶ ወደሚወርድበት አገር፥ ሐበሻ የሚባል ወደሌለበት ሰፈር ወረደ። የተቀበሉት ሰዎች ደጎች ነበሩ፤ ልብስና አልጋ አዘጋጅተው፥ የቤት ኪራይ ከፍለው ጠበቁት። ያም ሆኖ ከወራት በኋላ ብዙዎቹ በአውቶቡስ ተሳፍረው ወደ ዋሺንግተን፥ ወደ ሎስ አንጀለስ፥ ወደ ዳላስ ሄዱ። ደጋጎቹ ባለቤቶች ምን በደልናቸው ብለው ማዘናቸው ተፈጥሯዊ ነው። በደል ግን አልነበረም፤ የሚጠራቸው ሌላ ነበረ።

ከሚጠራቸው አንዱ ሥራ ነው። ዋሺንግተን የመንግሥት ከተማ እንደ መሆንዋ የሆቴል፥ የመኪና ማቆሚያና የታክሲ ሥራ ብዙ አላት። የታክሲዋ ዋጋ እስከ 2008 ዓመት ድረስ በመቁጠሪያ ሳይሆን በሰፈር ክልል ይታሰብ ነበር፤ ሥራውን የሚጀምር ሰው ክልሉን ከወገኑ አጥንቶ ይገባበታል። ደግሞም በዚያ ዘመን ከከተማዋ ነዋሪ ከአሥሩ ሰባቱ ያህል ጥቁር ሕዝብ ስለ ነበረ፥ ሐበሻው በመንገድ ሲሄድ ዓይን አይከተለውም።

ነገር ግን ሥራ በሌላውም ከተማ ይገኝ ነበር። ካህናት ሁሉ የሚያውቁት፥ የስደት ታሪክ ጸሐፊዎች ግን እምብዛም የማያነሡት አንድ ሌላ ምክንያት አለ። በቤተ ክርስቲያናችን ሥርዓት ቅዳሴ ለመቀደስ ቢያንስ አምስት ልዑካን፥ ሁለት ካህናትና ሦስት ዲያቆናት፥ ያስፈልጋሉ። አንድ ቄስ ብቻውን በአንድ ከተማ ቢገኝ ይጸልያል፥ ይመክራል፥ ያጽናናል፤ አይቀድስም። በሩቅ ከተማ የተቀመጠ ቤተ ሰብ ወንድ ልጅ ሲወልድ አርባውን ቀን፥ ሴት ስትወለድ ሰማንያውን ቀን ይቈጥራል፤ ቀኑ ሲደርስ ግን ክርስትና የሚነሣበት ቦታ የለም። ልጁን አቅፎ የአንድ ቀን ወይም የሁለት ቀን መንገድ ይነዳል፥ ወይም ቀኑን ያሳልፋል። እናቲቱ ያለፈውን ቀን እያሰበች ስትጨነቅ፥ ባል ሌላ ከተማ መፈለግ ይጀምራል። ለቀብርም እንዲሁ ነው፤ ፍትሐት የሚያደርስ፥ ድንኳን ባይኖር እንኳ ቤት የሚከፍት፥ እድርተኛ የሌለበት አገር ሞት ሁለት ጊዜ ነው። ስለዚህ አምስቱ ልዑካን በተገኙበት ከተማ ምእመናን ተሰበሰቡ፤ ምእመናን በተሰበሰቡበትም ሌሎች ካህናት መጡ። የትኛው ቀደመ ቢሉ፥ እንደየከተማው ይለያያል። መጀመሪያ የሌላ ቤተ ክርስቲያንን አዳራሽ በሰዓት እየተከራዩ፥ መጋረጃውን አንጠልጥለው እንደገና እያወረዱ ያገለገሉት አባቶች ይህን ከማንም ይልቅ ያውቁታል።

እንጀራም የራሱ ድርሻ አለው። ጤፍ በአሜሪካ ባልነበረበት ጊዜ ሴቶች በስንዴና በሌላም ዱቄት ይጋግሩ ነበር፤ የተገኘውም እንጀራ ስሙን ብቻ የያዘ ነው። በ1980ዎቹ ዓመታት በአይዳሆ ግዛት ጤፍ ይዘራ ጀመር። ዱቄቱ መጀመሪያ የሚደርሰው ገዢ ወደ በዛበት ከተማ ነውና፥ ይህም ሰውን ወደዚያው ሳበ።

ሎስ አንጀለስ በአየርዋ ትመረጥ ነበር፤ በ2002 ዓመትም የከተማዋ ምክር ቤት በፌርፋክስ መንገድ ያለውን ሰፈር ትንሿ ኢትዮጵያ ብሎ ሰየመው። ሲያትልን የመረጡ ደግሞ አሉ፤ ክረምቱ ከመስከረም በኋላ የሚጀምርበት አገር መሆኑን የተረዱት ከገቡ በኋላ ነው። በተመደቡበት ትንሽ ከተማ ታግሠው የቀሩትም እንዳሉ መዘንጋት አይገባም። እነዚህ ቤት በርካሽ ገዙ፥ ልጆቻቸውንም በጸጥታ አሳደጉ። በዋሺንግተን የተከማቸው ወገን በአንድ ክፍል አራትና አምስት ሆኖ ሲተኛ እነርሱ ጓሮ ነበራቸው። ልጆቻቸው ግን አማርኛን በስልክ ብቻ የሰሙ ሆኑ። ከሁለቱ ማን አተረፈ ብሎ መፍረድ ለሚዛን ይከብዳል፤ ዋጋው ግን በሁለቱም ወገን ተከፍሏል።

በ1990 ዓመት በወጣው ሕግ መሠረት የዕጣ ቪዛ ከ1995 ጀምሮ ሲሰጥ ምርጫው እንደገና መልኩን ለወጠ። ዕጣ የደረሰውን ማኅበር አይመድበውም፤ የሚያርፍበትን አድራሻ ራሱ መጻፍ አለበት። አድራሻ ያለው ደግሞ ቀድሞ የሄደው ወንድም ወይም የጎረቤት ልጅ ነው። እንዲህ ሆኖ የአንድ ሰፈር ልጆች በባሕር ማዶ እንደገና የአንድ ሰፈር ሰዎች ሆኑ።

በዋሺንግተን መጀመሪያ የሐበሻ ሱቅና ምግብ ቤት የበዛው አዳምስ ሞርጋን በተባለው ሰፈር በ18ኛው መንገድ ነበረ። ኪራዩ ሲወደድ ወደ ዩ መንገድና ወደ 9ኛው መንገድ ተዛወሩ። በ2005 ዓመት ግድም 9ኛው መንገድ በኢትዮጵያ ስም ይጠራ የሚል ሐሳብ ቢነሣ፥ የሰፈሩ የቆዩ ጥቁር ነዋሪዎች ይህ የእኛ አባቶች መንገድ ነው ብለው ተቃወሙ። ነገራቸው ያለ ምክንያት አልነበረም፤ ሐበሻው በመጣ ጊዜ ያለ ጥርጥር የተቀበለው ያው ሕዝብ ነበረና። ሐሳቡም ቀረ። ከዚያ ወዲህ አብዛኛው ቤተ ሰብ ወደ ሜሪላንድ፥ ወደ ሲልቨር ስፕሪንግ፥ ወይም ወንዙን ተሻግሮ ወደ ቨርጂንያ፥ ወደ አሌክሳንድርያ ሄዷል። አብያተ ክርስቲያናትም ሰፊ የመኪና ማቆሚያ ያለው ቦታ እየፈለጉ ተከተሉት። በከተማው መካከል የቀሩት ሽማግሌዎችና ባልቴቶች፥ መኪና መንዳት የማይችሉት፥ እሑድ በማለዳ በር ላይ ነጠላቸውን ተከናንበው የሚወስዳቸውን ልጅ ይጠብቃሉ።