ዓባይን ተከትሎ ስለ መሄድ፤ ከግሽ እስከ ባሕር

በምዕራብ ጎጃም በሰከላ ወረዳ ያለው የግሽ ደጋ ውሃን ለሁለት የሚከፍል ሥፍራ ነው። በሰሜኑ ፊት የወረደው ዝናብ ከግልገል ዓባይ ጋራ ወደ ጣና ይሄዳል፤ በደቡቡ ፊት የወረደው ግን እንደ ብርና እንደ ፈጠም ባሉት ወንዞች የቡሬንና የፍኖተ ሰላምን አገር አቋርጦ ወደ ቆላው ይወርዳል። ሁለቱም ውሆች ኋላ በዓባይ ይገናኛሉ፤ የአካሄዳቸው ርዝመት ግን እጅግ የተለያየ ነው። የግሹ ውሃ ጣናን አልፎ፣ በጢስ ዓባይ ተወርውሮ፣ ጎጃምን በምሥራቅና በደቡብ ከዞረ በኋላ ከቡሬ በታች ሲደርስ ከተነሣበት ምንጭ ያለው ርቀት በቀጥታ ሲለካ ከመቶ ኪሎ ሜትር ያነሰ ነው። ሕዝቡ ዓባይ ማደሪያ የለውም፣ ይዞራል እያለ በተረት መናገሩ ከመልክዐ ምድሩ ጋራ የሚስማማ ነው።

ዓባይን ከምንጩ እስከ ባሕር የመከተል ታሪክም ከዚህ መዞር ጋራ ተያይዞ መመርመር ይገባዋል። ስፔናዊው ኢየሱሳዊ ቄስ ፔድሮ ፓኤዝ ከዐፄ ሱስንዮስ ጋራ ሆኖ ግሽን ያየው እ.ኤ.አ. በ1618 ነበር። ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ እ.ኤ.አ. በኅዳር 1770 በዚያው ሥፍራ ቆሞ ምንጩን የደረሰበት የመጀመሪያው አውሮፓዊ እርሱ እንደ ሆነ ተናገረ፤ እ.ኤ.አ. በ1790 ባሳተመው መጽሐፉም ፓኤዝ ከዚያ አልደረሰም ብሎ ተከራከረ። ዳሩ ግን ሁለቱም ሰዎች በምንጩ ዙሪያ የሚኖሩት አገዎች ለውሃው መሥዋዕት እንደሚያቀርቡ ጽፈዋል። እንግዲህ ቀዳሚነቱን የተከራከሩበት ሥፍራ ባለቤትና ሥርዐት ያለው ቦታ ነበር። የአካባቢው ትውፊት አቡነ ዘርዐ ብሩክ መጻሕፍታቸውን ለምንጩ አደራ ሰጥተው ሳይርሱ መልሰው እንደ ተቀበሉ ይናገራል፤ ዛሬም ምእመናን ለጠበሉ ወደዚያ ይሄዳሉ።

በጎጃም የወንዙ መጀመሪያ የት ነው የሚለው ጥያቄም እንዲሁ በሁለት ወገን የሚታይ ነው። ከጣና የሚወጣውን ውሃ የዓባይ መነሻ የሚያደርጉ ጸሐፍት ብዙዎች ናቸው። የአገሩ ትውፊት ግን ዓባይ ጣናን ሰንጥቆ ያልፋል እንጂ ከጣና አይጀምርም ይላል። በውሃ መጠን ቢሆን ጣናን ከሚመግቡት ወንዞች ሁሉ የሚበልጠው ግልገል ዓባይ ስለ ሆነ፣ ይህ ትውፊት ያለ ምክንያት የተነገረ አይደለም።

ከጣና በታች ግን ወንዙን ተከትሎ መሄድ አስቸጋሪ ነው። ሸለቆው በብዙ ሥፍራ ከአንድ ሺህ ሜትር በላይ ይጠልቃል፤ ቆላው ለወባ የተጋለጠ ነው፤ ገባር ወንዞችም በየጊዜው መንገድ ይቈርጣሉ። ስለዚህ የጎጃም ነባር መንገዶች ዓባይን ይሻገራሉ እንጂ አይከተሉም። በ19ኛው መቶ ዓመት የታወቀው የባሶ ገበያ ነጋዴዎች ወደ ጉድሩ የሚሻገሩት ውሃው በሚጐድልበት ወራት ነበር፤ ከቡሬም ወደ ወለጋ የሚወስደው መንገድ ወንዙን አቋርጦ ያልፋል። እ.ኤ.አ. በ1941 (በ1933 ዓ.ም.) ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ከስደት ሲመለሱ የአርበኞችና የጌዴዎን ጦር ጕዞ በደጋው ላይ በቡሬና በደምበጫ በኩል ወደ ደብረ ማርቆስ ሆነ። በዚሁ መንገድ ላይ ያለችው፣ ቀድሞ ወጀት ትባል የነበረችው ከተማ ዛሬ ፍኖተ ሰላም፣ ይኸውም የሰላም መንገድ፣ ትባላለች።

ወንዙን እንከተል ያሉት የውጭ አገር ሰዎች ይህን ሳያገናዝቡ የጀመሩት ብዙ ጊዜ ከሽፎባቸዋል። አሜሪካዊው ማክሚላን እ.ኤ.አ. በ1903 በጀልባ ሲሞክር ጀልባዎቹ በጥቂት ጊዜ ተሰባበሩ። የብሪታንያ ቆንስል የነበረው ሮበርት ቺዝማን በበቅሎ በደጋው ጫፍ እየሄደ፣ በየመሻገሪያው ወደ ወንዙ እየወረደ፣ እ.ኤ.አ. በ1936 የታተመውን ጥናቱን አዘጋጀ። ቺዝማን የተሳካለት የአገሩን ሰው አካሄድ ስለ ተከተለ ነው ማለት ይቻላል። እ.ኤ.አ. በ1968 በብላሽፎርድ ስኔል የተመራው ቡድን ብዙውን የሸለቆ ክፍል በጀልባ ሲያልፍ ከአባላቱ አንዱ ሞተ። እ.ኤ.አ. በ2004 ፓስኳሌ ስካቱሮና ጎርደን ብራውን ከኢትዮጵያ ደጋ ተነሥተው፣ በካርቱም ነጭ ዓባይን ተቀላቅለው፣ እስክንድርያ ደረሱ።

ዛሬ የመንገዱ መልክ ተለውጧል። በጉባ የተገነባውና በጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው ታላቁ የሕዳሴ ግድብ የቆላውን ወንዝ ሰፊ ሐይቅ አድርጎታል። የቀድሞዎቹ ተጓዦች የገለጹት ዳርቻ ከፊሉ በውሃ ሥር ነው። የውሃው ዳርቻ ሲሸፈን የመሻገሪያዎቹ ስም፣ ውሃው የሚጐድልበት ምልክት፣ የዋናተኞችና የታንኳ ቀዛፊዎች ብልሀት ዐብሮ እንዳይጠፋ ያሰጋል። ከግሽ እስከ ባሕር የሄዱት ጥቂቶች ስማቸው በመጽሐፍ ተጽፏል፤ ወንዙን በየዓመቱ የሚሻገሩት ብዙዎች ግን ዕውቀታቸው የሚኖረው በአፍ ብቻ ነው። የዓባይ ታሪክ የሚሟላ ከሆነ፣ የሚሟላው ቍልቍል ከሄዱት ይልቅ ወዲህና ወዲያ የተሻገሩት ሲጠየቁ ነው።