ዳና የሚታየው በጾም ነው

አባቴ ምንሽሩን ከምሰሶው የሚያወርደው በኅዳር አጋማሽ፣ የነቢያት ጾም ሲገባ ነበር። ጎረቤት ሁሉ ይስቅበታል። ከኅዳር 15 እስከ ገና ሥጋ አይቀመስም፤ የማይበላውን መግደል ደግሞ በቤታችን ነውር ነው። «ታዲያ ጠመንጃው ምን ሊሠራልህ ነው?» ሲሉት «አብሮኝ ይጹም» ይላል።

የምንኖረው ጭልጋ፣ ደጋው ጫፍ ላይ ነው። ቆላ፣ በመተማ በኩል፣ የማሽላ ማሳ ነበረን። አጨዳው ሲደርስ አባቴ፣ እናቴ፣ አራት ልጆችና ሁለት አህዮች ሆነን ቁልቁል እንወርዳለን። እናቴ ምጣዱን፣ ሽሮውን፣ በሶውንና ድርቆሹን ትጭናለች፤ ከሁሉም በላይ የምትፈራው ወባን ስለነበር ማታ ማታ ዳሱ በር ላይ ኩበት ታጨሳለች። እኛ ልጆቹ ከጭሱ ይልቅ ትንኙን እንመርጥ ነበር።

ለማሽላ ወረድን እንበል እንጂ አባቴ ሌላም ጉዳይ ነበረው። በመስከረም የቆላ ሣር ፈረሰኛ ይሰውራል፤ በታኅሣሥ ደርቆ ይተኛል፣ ገሚሱም ይቃጠላል። በክረምት ድንጋይ ሲያንከባልል የነበረው ጓንግ ደግሞ እዚህም እዚያም ኩሬ ሆኖ ይቀራል። ውሃ ጥቂት ቦታ ከተሰበሰበ አውሬውም እዚያው ይሰበሰባል። አባቴ ማለዳ ታላቅ ወንድሜን አስከትሎ ይሄድና የሚዳቋና የድኩላ ዳና ሲያነብ ያረፍዳል። ጤዛ ከወረደ በኋላ የተረገጠውን ከማታው ይለያል፤ በጠጡን በእንጨት ሰብሮ ያያል። አንዲት ጥይት አይተኩስም። የሚተኩሰው ከገና በኋላ ነው፤ ያኔ የት እንደሚቆም ያውቃል።

አንድ ነገር ግን ወንድሜም ዛሬ ድረስ አይክድም። ውሃ የምትቀዳው እናቴ ስለሆነች ገና ሳይነጋ ዳናውን ቀድማ የምታየው እርሷ ነበረች። አባቴ ዱላውን ይዞ ከመውጣቱ በፊት እንደ ቀልድ «ዛሬ ማን ጠጥቶ ሄደ?» ይላታል። ማታ እሳት ዳር ተቀምጦ ሲያወራው ግን ሁሉንም ያገኘው እርሱ ነው።

ይህ የአባቴ ፈሊጥ ብቻ ይመስለኝ ነበር። ጎንደር ታሪክ ማስተማር ከጀመርኩ በኋላ ነው የስኮትላንዱን ተጓዥ የጀምስ ብሩስን መጽሐፍ ያገኘሁት። ብሩስ ጎንደርን ለቆ የወጣው በታኅሣሥ 1764 ዓ.ም. (በአውሮፓውያን ታኅሣሥ 26 ቀን 1771) ነው። ወደ አገሩ የሚመለሰው በስናር በኩል ስለነበር መንገዱ በእኛው ቆላ አለፈ። ያኔ መተማ ያለበት የጠረፍ ግዛት ራስ ኤል ፊል ይባል ነበር፤ በዓረብኛ «የዝሆን ራስ» ማለት ነው። ስሙ ብቻ አገሩ የማን እንደነበር ይናገራል።

ብሩስ እዚያ ከመድረሱ በፊት ጨርቂን በሚላት ቦታ አረፈ። ጌታዋ አቶ ክንፉ የሚባል ወጣት መኮንን ነው፤ የእቴጌ ምንትዋብ ልጅ የወይዘሮ አስቴር ልጅ። ብሩስ ጎንደር ላይ የተሰናበታቸው ሰዎች ጨርቂን ቀድመውት ተቀምጠዋል። ወይዘሮ አስቴር ራሳቸው ከነሴቶቻቸው ወርደዋል፤ ቤቱ ምንጣፍ በምንጣፍ ሆኗል። ባላቸው ራስ ሚካኤል ስሑል ከዚያ ጥቂት ወራት በፊት ተሸንፈው ተይዘዋል፤ የጎንደር ከተማ ለማንም የማትመች ነበረች። ቆላው ግን ቆላ ነው፤ ዝሆኑ፣ አውራሪሱና ጎሹ ሞልቷል።

አደኑ የወጣበትን ቀን ብሩስ ጽፎታል፤ በእርሱ አቆጣጠር ጥር 6 ነው። ጎህ ሳይቀድ በደንብ በልተው፣ ሠላሳ ያህል ሆነው ፈረስ ላይ ወጡ። ቀኑን ወደኛ አቆጣጠር መለስኩት። በዚያ ክፍለ ዘመን የሁለቱ አቆጣጠሮች ልዩነት እንደ ዛሬው ስላልሆነ ሂሳቡን ሁለት ጊዜ ሠራሁት፤ ሁለቱንም ጊዜ የወጣልኝ የገና ማግስት ነው። ወንበሬ ላይ ሆኜ ብቻዬን ሳቅኩ። አባቴን አሰብኩት።

ዳናውን ያየላቸው ግን ክንፉ አልነበረም። ብሩስ «አገጌር» የሚላቸው፣ ኑሯቸውን ጫካ ያደረጉ አዳኞች ነበሩ፤ እኛ ቋንጃ ቆራጭ ብንላቸው አንሳሳትም። ሁለት ሰው ራቁቱን አንድ ፈረስ ላይ ይፈናጠጣል። ፊተኛው ዝሆኑን ፊት ለፊት ገጥሞ እየጮኸ ስሙን ይጠራል፣ የዝሆኑን አባትና አያት የት እንደገደለ ይደረድራል፤ በእኛ አነጋገር ይፎክራል። ዝሆኑ ተቆጥቶ ሲዞርበት ኋለኛው ሰይፉን ይዞ ይወርድና ከተረከዙ በላይ ያለውን ጅማት ይበጥሳል። ፈረሰኛው ዞሮ ባልንጀራውን አፈናጦ ያመልጣል። ዝሆን እንደ ሌላው እንስሳ በሦስት እግሩ መሮጥ አይችልምና እዚያው ይቆማል። ሥጋው ተዘልዝሎ ዛፍ ላይ ይሰቀልና ያለ ጨው ይደርቃል፤ የክረምት ስንቅ ነው። ሕይወታቸው ያለው በዚያ ቋንጣ ላይ ነበር።

እኔ ደጋግሜ የማነበው ከዚህ በኋላ የሚመጣውን ነው። ከተገኙት ዝሆኖች አንዲት እናትና ግልገሏ ቀሩ። አገጌሮቹ ይለፉ አሉ፦ የእንስቷ ጥርስ ትንሽ ነው፣ የግልገሉም ሥጋ ሲደርቅ ከምንም አይገባም። ከጎንደር የወረዱት መኳንንት ግን አልጠገቡም። እናቲቱ ተገኘች፣ ቋንጃዋ ተቆረጠ፣ ጦር በላይ በላዩ ተወረወረባት። ማንም ያላሳደደው ግልገል ይህን ጊዜ ከጥሻው ወጥቶ በሰውና በፈረስ ላይ ዘመተ። ብሩስ እናቲቱን እንዲተዉአት ጮኸ፤ ዘግይቶ ነበር። ግልገሉ አንዱን መኮንን እግሩ ላይ ጥቂት ጎዳውና በጦር ወጉት፤ እናቱ ፊት ወድቆ ሞተ። ብሩስ እኔ አልመታሁትም ብሎ ዕድሜ ልኩን ተጽናንቷል። በዚያ ቀን ልክ የነበሩት፣ እንደኔ ሐሳብ፣ አገጌሮቹ ናቸው፤ የሚተዉት ደግሞ ከእርሱ በተለየ ምክንያት ነበር። ርኅራኄ አላነሱም። ሂሳብ ነው ያሰሉት።

ዘጠና ዓመት ቆይቶ አንድ እንግሊዛዊ መጣ፤ ሳሙኤል ቤከር። ይህኛው ከሚስቱ ከፍሎረንስ ጋር ነው። እርሷ ሃንጋሪያዊት ስትሆን ቪዲን ከሚባል ከተማ የቱርኮች ገበያ ከባርነት እንዳወጣት ይነገራል። በሰኔ 1861 እ.ኤ.አ. አትባራ ወንዝ ዳር ሰፍረው ሳለ ወንዙ ደረቅ አሸዋና ኩሬ ብቻ ነበር። አንድ ሌሊት ከሩቅ የነጎድጓድ ድምፅ ተሰማ፤ ሰማዩ ግን ጥርት ያለ ነው። አገልጋዮቹ «ወንዙ መጣ!» ብለው ጮኹ፤ ሲነጋ አሸዋው ቦታ ትልቅ ወንዝ ተኝቶበታል። አትባራ ማለት ከጭልጋ ግድም የሚነሳው የእኛው ጓንግ ነው፤ እናቴ የቀዳችበት። ቤከር ግብጽን የሚያለመልመው ደለል ከኢትዮጵያ ወንዞች መሆኑን የተረዳው እዚያ ነው።

ክረምቱን ሶፊ በምትባል መንደር አሳለፉት። በአሥር ቂርሽ አንድ ጎጆ ገዛ፤ ቦታው ስላልተመቸው ሰዎች ጣራውን ተሸክመው ወደመረጠው ሥፍራ ወሰዱለት። የአገሩ አረቦች በዝናብ ወራት ከዝንቡ ሸሽተው ከብቶቻቸውን ወደ ሰሜን ይነዳሉ፤ ይህን ብሩስም ጽፎታል፣ ያውም «ዝምብ» በሚለው በራሳችን ቃል። ሣሩ እስኪደርቅ ባልና ሚስቱ እየጠበቁ፣ አገሩን እያጠኑ ወራት ተቀመጡ። ሲደርቅ ሐምራን ከሚባሉት ሰይፈኞች ጋር ተከዜ ዳር ወጡ። እነዚህ እያንዳንዳቸው በየፈረሳቸው ነው የሚቀመጡት፤ አቆራረጡ ግን ያው የብሩስ ነው፣ ስማቸውም ያው አገጌር። ለንደን ብሩስን ውሸታም ብላው ስለነበር ቤከር ይህን ሲጽፍ ደስ ብሎታል።

በ1862 እ.ኤ.አ. ጸደይ መተማ ገቡ። ገበያው ላይ ጥጥ፣ ቡና፣ ሰም፣ ቆዳና የዝሆን ጥርስ አዩ፤ ለሽያጭ የተቀመጡ ልጃገረዶችንም አዩ። ፍሎረንስ እነርሱን ስታይ ምን እንደተሰማት ባሏ አልጻፈልንም። መተማ ሲነሳ ሰው ሁሉ በመጋቢት 1881 ዓ.ም. እዚያ የወደቁትን ዐፄ ዮሐንስን ያስባል፤ ትክክል ነው። እኔ ግን እዚያ ገበያ ውስጥ የቆመችውን ሴት ሳላስብ አላልፍም።

ዛሬ ከነጋዴ ባሕር ወዲያ፣ እስከ ገንዳ ውሃ፣ ሰሊጥና ማሽላ ነው፤ ዝሆኑ የሄደበትን ትራክተር ሄዶበታል። ለአውሬው የተከለለው ቋራ ውስጥ አላጥሽ ነው፤ በ1998 ዓ.ም. ብሔራዊ ፓርክ ሆነ፣ ስፋቱ 2,665 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል፣ ከሱዳኑ ድንድር ጋር የተያያዘ። ተመራማሪዎች እዚያ ሰፍረው፣ ካሜራ ዛፍ ላይ አስረው፣ ዳናም ለክተው አንበሳ መኖሩን ማረጋገጣቸው በ2016 እ.ኤ.አ. ተነገረ። ከመተማ ወንድሜ ደውሎ የነገረኝ ዕለት ዜናውን ለእናቴ አነበብኩላት። ዓይኗ ደክሟል፤ ጆሮዋ ግን አለ። ሰዎቹ ጥይት ሳይተኩሱ፣ ዳና ብቻ አይተው መመለሳቸውን ስነግራት «በጾም ነው የሄዱት ማለት ነው» አለች። ጥቂት ዝም ብላ ደግሞ ጠየቀችኝ።

«ውሃውን ማን ቀዳላቸው?»