ስለ ትራንስፎርመር፣ ስለ አባ ሳሙኤልና ስለ ቆራሌው

ሰበታ፣ ቡራዩ ወይም ሱሉልታ የኖረ ሰው አንድ ድምፅ ያውቃል። ማታ ዝናብ ሲጥል ምሰሶው ላይ «ድው» ይላል፤ ሰፈሩ ይጨልማል፤ ከየግቢው «ትራንስፎርመሩ ነው!» ይባላል። ከዚያ ቀን ውጪ ስለዚያ ግራጫ ሣጥን የሚያወራ የለም። ዛሬ እኔ ላውራ።

የሁሉም ትራንስፎርመሮች አያት ለንደን፣ ሮያል ኢንስቲትዩሽን ውስጥ አለ። ማይክል ፋራዳይ እ.ኤ.አ. በነሐሴ 1831 በእጁ የጠቀለለው የብረት ቀለበት ነው። በአንድ ጎኑ አንድ የመዳብ ጥቅል፣ በሌላው ጎኑ ሌላ፤ ሁለቱ ሽቦዎች አይነካኩም። በአንዱ ኤሌክትሪክ ሲለቀቅና ሲቋረጥ ከሌላኛው ጋር የተያያዘው መርፌ ይነቃነቃል። ሰበታ ምሰሶ ላይ ያለው ሣጥን ከዚህ የተለየ ምሥጢር የለውም፤ ዘይትና ቆርቆሮ ተጨምሮበታል እንጂ።

ነገሩ ለሃምሳ ዓመት ያህል ከቤተ ሙከራ ብዙም አልወጣም። እ.ኤ.አ. በ1884 ጎላርና ጊብስ የተባሉ ሰዎች ጣሊያን ቱሪን ላይ ኤሌክትሪክን 40 ኪሎ ሜትር ያህል ወስደው አሳዩ። በዓመቱ ቡዳፔስት ውስጥ ሦስት መሐንዲሶች መሣሪያውን አሻሻሉት፤ «ትራንስፎርመር» የሚለው ስምም ከእነርሱ የመጣ ነው። ጥቅሙ በቀላል ሒሳብ ይገባል። ቮልቱን 10 እጥፍ ከፍ ብታደርጉት ያንኑ ኃይል ለመላክ የሚያስፈልገው አምፔር ወደ አንድ አሥረኛ ይወርዳል፤ በሽቦው ላይ በሙቀት የሚባክነው ደግሞ ወደ አንድ መቶኛ። የኤዲሰን ቀጥተኛ ኤሌክትሪክ በጊዜው ይህን ማድረግ ስላልቻለ ከጣቢያው ርቆ መሄድ አቃተው።

የቱሪኑ ዕውቀት ወደ እኛ የመጣው በመራራ መንገድ ነው። አባ ሳሙኤል፣ ከአዲስ አበባ በስተደቡብ ምዕራብ በአቃቂ ወንዝ ላይ ያለው 6.6 ሜጋ ዋት የውኃ ኃይል ጣቢያ፣ የጣሊያን ሥራ ነው። እዚህ ላይ የሚያበሳጨኝን ነገር ልናገር። ብዙ የእንግሊዝኛ ጽሑፎች «በ1932 ተሠራ» ይላሉ። እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ከሆነ ጃንሆይ ዙፋናቸው ላይ ነበሩ፤ ጣሊያንም ገና አልወረረንም። በእኔ እምነት 1932 የእኛ አቆጣጠር ነው፤ ማለትም እ.ኤ.አ. 1939/40፣ በወረራው ዘመን። አንድ ሰው የእኛን ዓመት ሳይቀይር ጻፈው፤ ሌላው ገለበጠው። የሰባት ዓመት ስህተት ትንሽ ትመስላለች፤ ግን ጣቢያውን ከወረራው ታሪክ ነጥላ የሰላም ጊዜ ልማት ታስመስለዋለች። ብርሃኑ በቅድሚያ ለማን ታስቦ እንደነበር የሚነግረን ዓመቱ ነው።

ከነጻነት በኋላ ጣቢያው አገልግሏል። በ1948 ዓ.ም. የመብራትና ኃይል ባለሥልጣን ተቋቋመ፤ በ1952 ዓ.ም. ቆቃ በ43.2 ሜጋ ዋት መጣና አባ ሳሙኤልን ትንሽ አደረገው። ደለሉና አቃቂ ከከተማው እያግበሰበሰ የሚያወርደው ቆሻሻ ግድቡን ሞላው፤ ጣቢያውም ቆመ። በ2009 ዓ.ም. በቻይና ድጋፍ ታድሶ ዳግም ሥራ ጀመረ።

ዛሬ ኃይሉ የሚመጣው ከሩቅ ነው። የበለስ መስመር በ400 ሺህ ቮልት በደብረ ማርቆስ አድርጎ ሱሉልታ ይደርሳል፤ የግልገል ጊቤ ሁለት ወደ ሰበታ፤ የህዳሴው በ500 ሺህ ቮልት ከቡራዩ ማዶ ሆለታ። ከተማው መሐል ይህን ያህል ቮልት ማስገባት ስለማይመች የሚወርደው ዙሪያውን ባሉት ከተሞች ነው። «ሽቦው በላያችን አልፎ እኛ ጨለማ» የሚለው የቆየ ቅሬታም ከዚህ ይነሳል። ከ400 ሺህ ቮልት ላይ ለጎጆ መቀጠል አይቻልም፤ ደረጃ በደረጃ እስከ 15 ሺህ፣ ከዚያም በሰፈር ትራንስፎርመር ወደ 380 እና 220 መውረድ አለበት። ቅሬታው ግን ልክ ነው። ትልቁን ማውረጃ ደጃፋቸው የተከሉ ትንሹን ለመትከል ምን ያህል ይከብዳቸዋል?

ወደ ቆራሌው ልምጣ። ትራንስፎርመር ሲያረጅ በሰው ዓይን መዳብ ነው፤ በኪሎ ይሸጣል። በላዩ የተለጠፈችው የብረት ሰሌዳ፣ ማለትም የፋብሪካው ስም፣ ዓመተ ምሕረቱና ቮልቱ፣ አብራ ትቀልጣለች። ከላይ የተጨቃጨቅንበትን ዓይነት የዓመት ጥያቄ የምትፈታው ግን ያቺ ሰሌዳ ናት። የድሮዎቹ ዘይት ፒሲቢ የሚባል መርዝ ሊኖርበት ስለሚችል ማንም እንዲከፍታቸው አልመክርም፤ ባለሙያ ዘይቱን አስወግዶ ማስቀመጥ ግን ይችላል። በ2015 ዓ.ም. መስከረም አዲስ አበባ ላይ የሳይንስ ሙዚየም ተከፍቷል። ከሮቦቶቹ አጠገብ ሽፋኑ ተቆርጦ ጥቅሉ የሚታይ አንድ አሮጌ ትራንስፎርመር ቢቆም፣ የቡራዩ ተማሪ «ድው» የሚለውን ነገር ሆድ ዕቃ ያያል።

ከነዚህ ከተሞች ጡረታ የወጣችሁ የመብራት ኃይል ሠራተኞች ይህን የምታነቡ ከሆነ፣ የአሮጌ ሰሌዳ ፎቶ ካላችሁ ላኩልኝ። ዓመተ ምሕረቱ ይታይ።