ወደ ኋላ እየሄዱ ዳገት መውጣት

የጃፓን ባቡር የተጀመረው በሞዴል ነው። ቀልድ አይደለም። በ1853 (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) የሩሲያው አድሚራል ፑቲያቲን መርከብ ናጋሳኪ ወደብ ላይ ቆማ ሳለ፣ ሊጎበኟት የወጡ ጃፓናውያን በአልኮል የሚነድ ትንሽ የእንፋሎት ባቡር ሲዞር አዩ። በዓመቱ ደግሞ የአሜሪካው ኮሞዶር ፔሪ ዮኮሃማ ላይ የእውነተኛውን ሩብ የሚያክል ባቡር ከነሐዲዱ ከመርከብ አወረደ። ፉርጎዋ ሰው ውስጧ የምታስገባ አልነበረችም። አንድ የጃፓን ሹም ግን ሳይሳፈር መቅረት አልሆነለትም፤ ጣራዋ ላይ ወጥቶ ሰፊ ቀሚሱ በነፋስ እየተውለበለበ ክቡን ሐዲድ ዞረ። በ1855 የሳጋ ግዛት ባለሙያዎች የራሳቸውን ሞዴል ሠሩ። ከመካከላቸው አንዱ ታናካ ሂሳሺጌ ነው፤ በኋላ የከፈተው ፋብሪካ አድጎ ዛሬ ቶሺባ የምንለው ኩባንያ ውስጥ ገብቷል። እውነተኛው ባቡር ከሺምባሺ ዮኮሃማ የሄደው በ1872 ነው። ከሞዴሉ 17 ዓመት በኋላ ማለት ነው።

እኔ ሙያዬ ሶፍትዌር ነው፣ የተማርኩት ምህንድስና። ማታ ማታ ከሥራ በኋላ ለጠረጴዛ ባቡር የሐዲድ ፕላን እነድፋለሁ። የምነድፈው ደግሞ የጃፓንን ነው። «ለምን የለገሃሩን አትሠራም?» የሚሉኝ ጓደኞች አሉ፤ ጥያቄው ያስኬዳል። መልሱ ግን አጭር ነው፦ የጃፓኑ ሐዲድ በቁርጥራጭ ተሠርቶ ይሸጣል፣ ከውጭ የሚመጣ ዘመድ ሻንጣ ውስጥም ይገባል። በዚያ ላይ ጃፓን እንዴት ሠለጠነች ብሎ መጠየቅ ለኛ አዲስ አይደለም። ከበደ ሚካኤል ይህንኑ የመጽሐፋቸው ርዕስ አድርገውታል። እኔ ጥያቄውን አሳንሼ፣ «ይህች ሐዲድ ለምን እዚህ ጋ ታጠፈች?» ብዬ ነው የምጠይቀው።

መጀመሪያ የስፋቱን ነገር እንጨርስ። የጃፓን ዋና ሐዲዶች በሁለቱ ብረቶች መካከል ያላቸው ስፋት 1067 ሚሊሜትር ነው። ያኔ ብሪታንያ ውስጥ የተለመደው 1435 ነበር። ሐዲዱን የዘረጋው እንግሊዛዊ መሐንዲስ ኤድመንድ ሞረል ነው፤ በ1871፣ የመጀመሪያው መስመር ሳይመረቅ ሞተ። ጠባቡን ስፋት ያጸደቁት ባለሥልጣን ኦኩማ ሺጌኖቡ በኋላ እንደተጸጸቱበት ይነገራል። ጠባብ ሐዲድ ርካሽ ነው፣ ተራራ ላይም በቀላሉ ይታጠፋል፤ ፍጥነትና ጭነት ላይ ግን ያስከፍላል። (የኛው የድሮው የጅቡቲ መስመር ደግሞ 1000 ሚሊሜትር ነበር። ከጃፓኑም የጠበበ።) በ1964 ሺንካንሰን የተባለው ፈጣን ባቡር ሲመጣ ጃፓን ለዚያ መስመር ወደ 1435 ተመለሰች።

ይህ የመቶ ዓመት ክርክር ጠረጴዛዬ ላይ በሚሊሜትር ይታያል። በጃፓን በብዛት የሚሸጠው የሞዴል ሐዲድ 9 ሚሊሜትር ስፋት አለው። አምራቾቹ ተራዎቹን ባቡሮች በ150 ያካፍሏቸዋል። 1067 ለ150 ሲካፈል 7.1 ነው፤ ስለዚህ ባቡሮቹ ከሚገባው በሰፋ ሐዲድ ላይ ነው የሚሄዱት። ሺንካንሰኑን ግን በ160 ያካፍሉታል፣ 1435 ለ160 ደግሞ 8.97 ነው። ልክክ! የአገሬው ባቡር ሐዲዱ ይሰፋዋል፣ የሺንካንሰኑ ይስተካከላል። እንደኔ እንደኔ ከዚህ የተሻለ የኦኩማ ጸጸት ሐውልት የለም።

ታዲያ ለምን ሺንካንሰን አልሠራም? አይ፣ ሒሳቡ አይፈቅድም። 16 ፉርጎ ያለው ሺንካንሰን 400 ሜትር ነው፤ በ160 ሲካፈል 2 ሜትር ተኩል ይመጣል። የመጀመሪያው መስመር ጉዞ ላይ ሳለ ባቡሩን የሚያጥፈው በ2500 ሜትር ራዲየስ ነው፣ እሱም ሞዴል ላይ ከ15 ሜትር በላይ ይሆናል። እኔ ያለኝ አንድ ሙሉ ኮምፔንሳቶ ነው፦ 2.44 በ1.22።

ስለዚህ የመረጥኩት ኦኮባን ነው። ደቡብ ጃፓን፣ ኪዩሹ ደሴት ላይ፣ ከሂቶዮሺ ከተማ ወደ ዮሺማትሱ በሚወስደው የተራራ መስመር ላይ ያለች ትንሽ ጣቢያ። ሂሳትሱ ይባላል መስመሩ። ይህ ክፍል የተከፈተው በ1909 ሲሆን፣ ሲከፈት የገጠር ቅርንጫፍ አልነበረም፤ ወደ ካጎሺማ የሚያደርሰው ዋናው መስመር ነበር። ካርታ ያየ ሰው እዚህ ላይ ይገረማል። በስተምዕራብ ባሕር ዳር እያለ፣ ዋና መስመር ምን ሊሠራ ተራራ ወጣ?

ባሕር ዳር ስለሆነ ነዋ። ወታደሮቹ የጠላት መርከብ ከባሕር ላይ ሐዲዱን እንዳይደበድብ ሠግተው መሐል አገር ይግባ ብለው ገፉ። ይህ ሥጋት ጃፓን ውስጥ ሐዲድ ሲያስጠመዝዝ የመጀመሪያው አይደለም። በ1883 ቶኪዮንና ኪዮቶን የሚያገናኘው መስመር በተራራ በኩል እንዲሄድ ተወስኖ ነበር፤ በ1886 ወጪውና ጊዜው ሲታይ ወደ ባሕሩ ዳር ተመለሰ። ከዚያ በፊትም ቶኪዮ ውስጥ ታካናዋ ላይ ጦሩ መሬቴን አልለቅም ስላለ መሐንዲሶቹ የባሕር ውኃ ላይ 2.7 ኪሎ ሜትር ገደማ የድንጋይ መደብ ሠርተው ባቡሩን በዚያ አሳለፉት። መደቡ ተቀብሮ ተረስቶ በ2019 ለግንባታ ሲቆፈር ወጣ። አንዴ ጦሩ ባቡሩን ወደ ባሕር ገፋው፣ ሌላ ጊዜ ከባሕር አራቀው። እኔ ኮድ ስጽፍ የአንድ ክፍል ኃላፊ ያላሰበበት «አይሆንም» ፕሮግራሙን ምን ያህል እንደሚያጣምመው ስለማውቅ፣ ለነዚያ መሐንዲሶች አዝናለሁ።

ኦኮባ ላይ መሐንዲሶቹ የገጠማቸው ይህ ነው፦ ከ1000 ሜትር ወደ 30 ሜትር የሚወጣ ዳገት፣ እና መሐል ላይ ውኃ የሚጠማው የእንፋሎት ባቡር። ዳገቱን ለማለዘብ ሐዲዱን በ300 ሜትር ራዲየስ ጠምዝዘው በራሱ ላይ አሳለፉት፤ እንደ ጠመዝማዛ ደረጃ። የእንፋሎት ባቡር ግን እንዲህ ያለ ዳገት ላይ አንዴ ከቆመ መነሳት ይከብደዋል። ውኃ ለመቅዳት ሜዳ ያስፈልገዋል። ሜዳው ከየት ይምጣ? ከዳገቱ ጎን አወጡት። ከሂቶዮሺ የሚመጣው ባቡር ጫፉ ወደተዘጋ ሜዳ ሐዲድ ገብቶ ይቆማል፤ ጣቢያው እዚያ ነው። ውኃውን ይቀዳል፣ ከዚያ ወደ ኋላ ይሄዳል፣ ሌላ ጫፉ የተዘጋ ሐዲድ ውስጥ ይገባል፣ እንደገና ወደፊት ተነስቶ ጥምዙን ይወጣል። ይህን ዚግዛግ እለዋለሁ፣ የተሻለ ቃል ያለው ይንገረኝ። ጃፓን ውስጥ ጥምዝና ዚግዛግ አንድ ቦታ ላይ የተገናኙት ኦኮባ ብቻ ነው። ባቡሩ ጥምዙን ሲወጣ ተሳፋሪው ቅድም የቆመበትን ጣቢያ ቁልቁል ያየዋል።

የድንጋዩ የውኃ ማማ ዛሬም ቆሟል። ተሳፋሪዎች ከዋሻው ወጥተው ጥላሸት የለበሰ ፊታቸውን የሚታጠቡበት ገንዳም አለ። የእንጨት ጣቢያው ግድግዳ ደግሞ ጎብኚዎች በለጠፉት የቢዝነስ ካርድ ተሸፍኗል፤ የለጠፈ ሰው በሥራው ያድጋል ይባላል። ሞዴል ላይ ያን ግድግዳ እንዴት እንደምሠራው ገና እያሰብኩ ነው። አንዱ ካርድ ከግማሽ ሚሊሜትር ብዙም አይበልጥም።

አሁን ወደ ፕላኑ። እውነተኛው ራዲየስ ለ150 ሲካፈል 2 ሜትር ነው፤ ክቡ 4 ሜትር ይሰፋል ማለት ነው። የኔ ክፍል ራሱ 4 ሜትር የለውም። ከሚሸጡት ዝግጁ ጥምዞች 348 ሚሊሜትር ራዲየስ ያለውን ወሰድኩ። የክቡ ዙሪያ 2187 ሚሊሜትር ነው። በእውነተኛው ዳገት፣ ከ1000 በ30፣ አንድ ዙር 65.6 ሚሊሜትር ያወጣል። ለታችኛው ባቡር ማለፊያና ለላይኛው መሸከሚያ ጣውላ ይበቃል። ይህን ያገኘሁ ቀን ደስ ብሎኝ ነበር፦ የ1909ኙ ዳገት ሳይቀየር ጠረጴዛ ላይ ይሠራል።

ግን ጣቢያው አለ። ጣቢያው ሜዳ ነው፤ ሜዳ ደግሞ አይወጣም። መቀየሪያዎቹም ቢሆኑ ዳገት ላይ ሲቀመጡ ፉርጎ ይጥላሉ። 500 ሚሊሜትር ያህል ከዳገቱ ላይ ይቀነሳል፣ 1687 ይቀራል፣ በ30 ሲባዛ 50.6 ሚሊሜትር ብቻ። የላይኛው ጣውላ የታችኛውን ባቡር ጣራ ሊነካ ምንም አይቀረው። ስለዚህ ዳገቱን ወደ 35 ከፍ አደረግኩትና 59 አገኘሁ። አምስት ሚሊሜትር በሜትር ከታሪክ ወሰድኩ፤ ባቡሩ አጭር ከሆነ ይወጣዋል።

የባቡሩ ማጠር ደግሞ ሌላ ጣጣ ነው። ጥምዙን ከሚገባው በላይ ስድስት ጊዜ ያህል አሳንሼዋለሁ፣ ባቡሩን ግን አላሳነስኩትም፣ አይቻልምም። ዲ51 የተባለው ሎኮሞቲቭ ሞዴሉ 131 ሚሊሜትር ነው፣ 20 ሜትር የሆነ የመንገደኛ ፉርጎ 133። ሦስት ፉርጎ ከሎኮሞቲቭ ጋር 530 ይሆናል፣ ከማያያዣው ጋር 550 በሉት። ክቡ ውስጥ ያለው ቦታ ጫፍ እስከ ጫፍ 696 ነው፤ መቀየሪያው ብቻውን 126 ይበላል። ስለዚህ ጫፉ የተዘጋው ሐዲድ 450 ሆኖ ቀረ። መፍትሔው ከጭነት ባቡር መጣ። የድሮ የጃፓን ጭነት ፉርጎዎች 8 ሜትር ገደማ የሆኑ አጫጭሮች ናቸው፣ ሞዴሉ ላይ 53 ሚሊሜትር። አንድ ዲ51 ከአምስት ፉርጎ ጋር 450 ውስጥ ይገባል፣ ዓይን ደግሞ የሚቆጥረው ሚሊሜትር ሳይሆን ፉርጎ ስለሆነ ረጅም ባቡር ይመስላል።

የኤሌክትሪኩን ነገር የሚጠይቁኝ አሉ፦ «ሐዲዱ በራሱ ላይ ሲዞር ሾርት አያደርግም?» አያደርግም። ሾርት የሚያደርገው ዞሮ ወደ ራሱ የሚመለስ ሐዲድ ነው፣ ግራው ብረት ከቀኙ ስለሚገናኝ። ይህ ግን ከላይ አልፎ ይሄዳል እንጂ አይገናኝም። ፕሮግራም ላይ ያስቸገረኝ ዚግዛጉ ነው። ባቡሩ የት እንዳለ ማወቅ አይበቃም፣ ፊቱን ወዴት እንዳዞረ አብሮ መመዝገብ አለበት፤ ያለዚያ ኮምፒውተሩ ባቡሩን ወደ ጫፉ ይነዳዋል።

የሚቀረው ዓመቱን መምረጥ ነው። የሞዴል ባቡር ያለ ዓመት አይሠራም፤ ሎኮሞቲቩም፣ የጣቢያው ቀለምም፣ ሣሩም ሳይቀር በዓመቱ ይወሰናል። 1927ን ብወስድ ያ ዓመት የባሕሩ ዳር መስመር ተከፍቶ ይህኛው ዋናነቱን የተነጠቀበት ነው። ከ1996 ወዲህ ብሆን ኢሳቡሮና ሺምፔ የሚባሉት የጎብኚ ባቡሮች አሉ፤ ስማቸው መስመሩ ሲሠራ የነበሩት የሁለት ባለሥልጣናት ነው፣ የያማጋታ ኢሳቡሮና የጎቶ ሺምፔ። ከ2020 በኋላ ካልኩ ባቡር አያስፈልገኝም። በዚያ ዓመት ሐምሌ የኩማ ወንዝ ሞልቶ ሂቶዮሺን አጥለቀለቀ፣ በ1908 የተሠሩ ሁለት የባቡር ድልድዮችን ወሰደ፣ አገልግሎቱም ተቋረጠ። ኦኮባ ተራራ ላይ ስለሆነች ውኃው አልደረሰባትም። ባቡሩ ብቻ ነው የቀረባት።

1945ም አለ። ጃፓን እጅ ከሰጠች አንድ ሳምንት ሆኖታል፤ ነሐሴ 22 ከጦር የተሰናበቱ ወታደሮችን ጭኖ ከዮሺማትሱ ወደ ማሳኪ የሚወጣው ባቡር ዋሻ ውስጥ አቅም አንሶት ቆመ። ጭሱ ዋሻውን ሞላው። ሰዎቹ አፍኗቸው ወርደው በጨለማው ወደ መውጫው መራመድ ጀመሩ። ባቡሩ ወደ ኋላ ተንሸራተተባቸው። ወደ 50 የሚጠጉ ሰዎች ሞቱ፤ ጦርነቱ አልቆ፣ ቤታቸው ሊገቡ። ያ ዋሻ ከኦኮባ አልፎ ሁለት ጣቢያ ቆይቶ ነው የሚገኘው። በኔ ፕላን ላይ ያ አቅጣጫ በኮምፔንሳቶው ቀኝ ጠርዝ፣ ተራራው ከተሳለበት ሰሌዳ ጀርባ ይገባል፤ ባቡር ከተመልካች ዓይን ተደብቆ ተራውን የሚጠብቅበት ሐዲድ እዚያ ነው። ንድፍ ላይ በነጠብጣብ መስመር ነው የሚሳለው።

የ1960ዎቹን መረጥኩ፤ ዲ51 አለ፣ የጭነት ፉርጎዎቹ አሉ፣ ማማው ውኃ ይሰጣል። ከሰሌዳው ጀርባ ያለውን ሐዲድ ግን ከሚያስፈልገኝ አስረዝሜዋለሁ፦ ሦስት የ248 ቀጥታ፣ 744 ሚሊሜትር። በዚህ ተራራ ላይ ከባድ ባቡር ሲወጣ አንድ ዲ51 ከፊት ይጎትት፣ ሌላ ከኋላ ይገፋ ነበር። ሁለት ሎኮሞቲቭና ሦስት የመንገደኛ ፉርጎ ከነማያያዣው 690 ይሆናል። እዚያ ይገባል። ኦኮባ ላይ ግን መቆም አይችልም፣ የጣቢያዋ ሐዲድ 450 ነው።