ስለ አንድ ግስ ታሪክና ቃልን ስለ መጠበቅ

ወጣቶች ሆይ፤ ቃላትም እንደ ሰው የዘር ሐረግ አላቸው። የቃልን ዘር መመርመር ለሰዋስው ብቻ ሳይሆን ለጠባይም ይጠቅማል። ስለዚህ በሚስዮን ትምህርት ቤት በልጅነቴ ስለ ሰማሁት ስለ አንድ የሰሜን አውሮፓ ግስ እጽፍላችኋለሁ። ግሱም «ሎቫ» ይባላል።

የጥንት ኖርዌይና አይስላንድ ሰዎች «ሎቫ» ሲሉ አመሰገነ፥ ደግሞም ፈቀደ ማለታቸው ነበር። ሥሩ መውደድን የሚያመለክት ጥንታዊ ቃል ነው፤ ፍቅር ማለት የሆነው የእንግሊዞች «ላቭ»፥ ማመን ማለት የሆነው የጀርመኖች «ግላውበን» ከዚሁ ሥር የበቀሉ ቅርንጫፎች ናቸው። ነገሩ ለእኛ እንግዳ አይደለም። በግእዝ «ፈቀደ» ማለት ወደደ፥ ሻ ማለት ነው፤ በአማርኛ ግን ይሁን ብሎ ተወ ማለት ሆኗል። ስዊድኖች የተማሪዎችን የዕረፍት ጊዜ «ሎቭ» ይሉታል፤ እኛም ከሥራ የምናርፍበትን ጊዜ «ፈቃድ» እንላለን። ሁለቱ ቋንቋዎች ሳይተዋወቁ በአንድ መንገድ ሄዱ፤ ሰው ለወደደው ይፈቅዳልና።

«ቃል ገባ» የሚለው ትርጕም በስዊድንና በዴንማርክ የጸናው ግን ኋላ ነው። ከ13ኛው እስከ 15ኛው መቶ ዓመት ድረስ የሉቤክና የሌሎች የሰሜን ጀርመን ከተሞች ነጋዴዎች፥ ሐንዛ በተባለው ማኅበራቸው፥ በስቶክሆልም፥ በቪስቢና በበርገን ይነግዱ ነበር። በእነርሱም ቋንቋ «ሎቨን» ማለት ማመስገንም ቃል መግባትም ነበር። የባሕር ንግድ ያለ መተማመን አይሠራምና፥ ይህ ትርጕም ከነጋዴዎቹ ጋር ገብቶ ከነባሩ ግስ ጋር ተዋሐደ። ዛሬ ስዊድናዊ «ሎቫ» ሲል አብዛኛውን ጊዜ ቃል መግባቱ ነው፤ የአይስላንድ ሰው ግን ማመስገንንም፥ መፍቀድንም፥ ቃል መግባትንም በዚሁ በአንዱ ግስ ይናገራል።

በመምህርነት ዘመኔ «ነገ በእርግጥ አመጣለሁ» ብለው የተዋሱትን መጽሐፍ ሳይመልሱ የቀሩ ብዙ ልጆች አይቻለሁ። መጽሐፉ በሌላ ይተካል፤ ያበደራቸው ጓደኛ እምነት ግን እንዲህ በቀላሉ አይተካም።

እንግዲህ ከዚህ ግስ የምንማረው ይህ ነው። ቃል የገባ ሰው ለባልንጀራው «ጠይቀኝ» ብሎ ፈቃድ ሰጥቶታል። ቃሉን ከፈጸመ ምስጋና ያገኛል፤ ካጠፈ ግን የሚጐዳው ሥሩ ነው፥ ይኸውም መዋደድና መተማመን። አባቶቻችን «ከተናገሩት ከሚጠፋ፥ የወለዱት ይጥፋ» ያሉት የቃልን ክብደት ዐውቀው ነው። እናንተም ቃል ከመግባታችሁ በፊት መዝኑ፤ ከገባችሁ በኋላ ግን ፈጽሙ።